አጭር እጅጌ ሹራብ ልክ የሚሆነው እንዴት ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ ልብስ ናቸው፤ በእጅ ስለሚሠራ አጭር እጅጌ ሹራብ። ትንሽ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወፍራም ሹራብ ሁለት ሦስት ሴ.ሜ. ቢሰፋ ማንም ልብ አይለውም፤ ይህኛው ከገላ ተጠግቶ የሚለበስ ስለሆነ የትከሻም የብብትም ስሕተት ወዲያው ያሳብቃል።

ለመግባባት ያህል፣ «ዓይን» የምንለው መርፌ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቀለበት ነው። «ተርታ» ከዳር እስከ ዳር ተሠርቶ የሚያልቀው መስመር ነው። «ቀጥታ» ክሩ ከጀርባ፣ «ግልብጥ» ክሩ ከፊት ሆኖ የሚሠራ ዓይን ነው። «ልሙጥ» የምንለው በፊት በኩል ሁሉም ቀጥታ፣ በጀርባ በኩል ሁሉም ግልብጥ ሆኖ የሚሠራውን፣ «ላስቲክ» የምንለው ደግሞ ቀጥታና ግልብጥ እየተፈራረቀ የሚወጣውን ተለጣጭ ሥራ ነው። ምሳሌዎቻችን በሙሉ የደረት ዙሪያዋ 92 ሴ.ሜ. ለሆነ ሴት፣ በ10 ሴ.ሜ. ውስጥ 22 ዓይንና 30 ተርታ በሚሰጥ ክር የተሰሉ ናቸው። የእርስዎ ልክ የተለየ ከሆነ ቁጥሩን ትተው ስሌቱን ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ንድፉ ያዘዘውን ዓይን አንድም ሳላጎድል ነው የጀመርኩት። ናሙናም ሠርቼ ለክቻለሁ። ሲያልቅ ግን ሁለት ሰው የሚይዝ ሆነ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ጥፋቱ ናሙናው ላይ ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ሰው ሃያ ዓይን ይጀምርና ጥቂት ተርታ ሠርቶ፣ ገና መርፌው ላይ እያለ ሜትር ያስጠጋበታል። እንዲህ ያለ ናሙና ይዋሻል። የዳር ዓይኖች ቅርጻቸው የተዛባ ነው፤ መርፌው ጨርቁን ወጥሮ ይዞታል፤ ክሩም ገና ውኃ አልነካውም። ቢያንስ 15 በ15 ሴ.ሜ. የሚሆን ይሥሩ፤ በምሳሌያችን ክር 34 ዓይንና 46 ተርታ ማለት ነው። ይዝጉትና ሹራቡን ወደፊት በሚያጥቡበት መንገድ ይጠቡት። ሳይወጥሩ ዘርግተው ያድርቁት። ከደረቀ በኋላ መሐሉ ላይ ያለውን 10 ሴ.ሜ. ብቻ ይቁጠሩ፤ ግማሽ ዓይን ከተረፈ ግማሿንም ይጻፏት።

ግማሽ ዓይን ምን ታመጣለች እንዳይሉ። ደረቱ 96 ሴ.ሜ. እንዲሆን ከተፈለገ 96 በ2.2 ተባዝቶ 211 ይመጣል፤ ለፊትና ለኋላ እኩል እንዲካፈል 212 ዓይን ይጀመራል። እጅዎ ላላ ብሎ በ10 ሴ.ሜ. 20 ዓይን ብቻ ከሰጠ፣ ያው 212 ዓይን 106 ሴ.ሜ. ይሆናል። እጅዎ ጠበቅ ብሎ 24 ከሰጠ 88 ሴ.ሜ. ይወጣል፤ ይህ ከገላው ራሱ ያነሰ ነው። በግማሽ ዓይን ብቻ፣ ማለትም በ21.5 እንኳ ከ2 ሴ.ሜ. በላይ ይሰፋል። ዓይኑ ከሚፈለገው ከበዛ መርፌውን ወፈር፣ ካነሰ ቀጠን ያድርጉ፤ ብዙ ጊዜ የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ይበቃል። እጅዎን «እስቲ ጠበቅ ላድርገው» ብለው ለማስተካከል ግን አይሞክሩ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ረስቶት ወደ ልማዱ ይመለሳል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። የብዙ ሰው ግልብጥ ዓይን ከቀጥታው ላላ ይላል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ሆኖ እየተመላለሰ የተሠራ ናሙናና በክብ መርፌ ዙሮ የተሠራ ሹራብ ልካቸው አይገናኝም፤ በዙር ሥራ ልሙጡ ሁሉ ቀጥታ ብቻ ነውና። ሹራቡ በዙር የሚሠራ ከሆነ ናሙናውንም እንደዚያው ይሥሩ። አቋራጩ እንዲህ ነው፦ በክብ መርፌ አንድ ተርታ ቀጥታ ይሥሩ፣ ሳያዞሩት ዓይኖቹን ወደ መርፌው ሌላ ጫፍ ያንሸራቱ፣ ክሩን ከጀርባ አላልተው አሳልፈው እንደገና ከፊት ይጀምሩ። ከጀርባ የተንጠለጠሉት ክሮች መሐላቸው ተቆርጦ ናሙናው ሲታጠብ ትክክለኛውን የዙር ልክ ያገኛሉ።

የተርታ ቁጥር ባይገጥም ያን ያህል አያሳስብም፤ የቁመት ልክ በሜትር እየተለካ ይሄዳል። ብብትና የእጅጌ አናት (ከብብት በላይ እየጠበበ ትከሻ ላይ የሚገጠመው ክፍል) ግን በተርታ ቁጥር ስለሚሠሩ እዚያ ሲደርሱ ስሌቱን በራስዎ ቁጥር መከለስ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ መጠኑን የመረጥኩት የደረቴን ዙሪያ ለክቼ ነው። ደረቱ ልክ ሆነ፣ ትከሻው ግን ወደ ክንዴ እየወረደ አስቸገረኝ። አንገቱም ሰፋ።

መልስ፦ ሹራብ የሚንጠለጠለው ከትከሻ ነው፤ ደረት ላይ ሊለጠጥ ይችላል፣ ትከሻ ላይ ግን ለትርፍ ቦታ የለውም። ንድፍ ሲሰፋ ደግሞ ደረቱ ብቻ አይሰፋም፤ ትከሻውም አንገቱም የብብቱ ጥልቀትም አብረው ያድጋሉ። ጡቷ ሞላ ያለ፣ ትከሻዋ ግን ጠበብ ያለ ሴት በደረት ዙሪያ መጠን ስትመርጥ እርስዎ የገጠመዎት ይገጥማታል።

ሜትሩን ከብብት ሥር አስጠግተው፣ ከጡት በላይ አዙረው ይለኩ፤ ከዚያ የጡት ዙሪያን በሰፊው ቦታ ይለኩ። ልዩነቱ 5 ሴ.ሜ. ገደማ ከሆነ በየትኛውም ቢመርጡ ችግር የለም። ከ7 ሴ.ሜ. በላይ ከሆነ ግን መጠኑን በላይኛው ልክ ይምረጡና የጎደለውን ፊቱ ላይ ብቻ ይጨምሩ። ጥቂት ዓይን ከኋላ ቀንሶ ወደ ፊት ማዛወርም ይሠራል፤ የጎን መስመሩ ትንሽ ወደ ኋላ ቢሄድ አይታይም።

ስለ ትርፍ የሚጠይቁንም ብዙ ናቸው። ትርፍ ማለት ልብሱ ከገላ የሚበልጥበት ልክ ነው። ሙሉ በሙሉ ላስቲክ የሆነ፣ ገላ ላይ ልጥፍ የሚል ሹራብ ከገላው ከ2 እስከ 5 ሴ.ሜ. ያነሰ ሆኖ ይሠራል። ልሙጥ ሆኖ ቀረብ ያለ እንዲሆን ከ0 እስከ 5፣ ዘና እንዲል ከ5 እስከ 10 ሴ.ሜ. ትርፍ ይሰጠዋል። በምሳሌያችን 4 ሴ.ሜ. ነው የሰጠነው። በስንት ትርፍ እንደሚያምርብዎት ካላወቁ፣ የሚወዱትን ከናቴራ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከብብት እስከ ብብት ይለኩና እጥፍ ያድርጉት። የትከሻውን ስፋትና የብብቱን ጥልቀትም ከዚያው ልብስ ላይ መዝግበው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ሹራቡ ከኋላ ቁመቱ ልክ ነው፤ ከፊት ግን ጫፉ ወደ ላይ ይሰቀላል። ታጥቦም አልተስተካከለ።

መልስ፦ ማጠብ አያስተካክለውም፤ የጎደለው ጨርቅ ነው። ጡት ላይ ወጥቶ የሚወርደው የፊት መንገድ ከጀርባው ይረዝማል። ከትከሻ ጀምረው፣ በጡት ጫፍ ላይ አሳልፈው፣ ሹራቡ እስከሚያልቅበት ይለኩ፤ ከኋላም ከዚያው ትከሻ እስከዚያው ከፍታ ይለኩ። ልዩነቱ 4 ሴ.ሜ. ነው እንበል። በ10 ሴ.ሜ. 30 ተርታ ከሆነ 4 ሴ.ሜ. 12 ተርታ ነው። ይህን 12 ተርታ ፊቱ ላይ ብቻ፣ ዳር ሳይደርሱ እየተመለሱ በሚሠሩት ጎዶሎ ተርታ ያስገቡታል።

ፊቱ 106 ዓይን አለው። ከጡት ጫፍ 3 ሴ.ሜ. ያህል ዝቅ ሲል ይጀምሩ። በመጀመሪያው ጎዶሎ ተርታ ጎኑ ላይ 7 ዓይን ሲቀር ያዙሩ፤ በሌላውም ጎን 7 ሲቀር ያዙሩ። በቀጣዮቹ 11፣ 15፣ 19፣ 23፣ በመጨረሻም 27 ዓይን ሲቀር ያዞራሉ። በያንዳንዱ ጎን ስድስት መዞሪያ፣ ሲደመር 12 ተርታ። አጭሩ ተርታ 52 ዓይን ይሸፍናል፤ 23 ወይም 24 ሴ.ሜ. መሆኑ ነው። ሁለቱ የጡት ጫፎች 20 ሴ.ሜ. ከተራራቁ የመጨረሻው መዞሪያ ከጫፉ ወደ ውጭ 2 ሴ.ሜ. ያህል ይርቃል። ጫፉ ላይ ካዞሩት ሹል ጉብታ ይሠራል፤ የዚህ ሥራ ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው።

ባዞሩበት ቦታ ቀዳዳ እንዳይቀር፦ ካዞሩ በኋላ ክሩን ከፊት አድርገው የመጀመሪያውን ዓይን ሳይሠሩ ያሻግሩት፤ ከዚያ ክሩን በመርፌው አናት ላይ ወደ ኋላ ጠበቅ አድርገው ይሳቡት። ዓይኑ ተገልብጦ ሁለት እግር ያለው ይመስላል። በኋላ በሙሉ ተርታ ሲደርሱበት ሁለቱን እግር በአንድ ላይ ይሥሩ። ሲቆጥሩ አንድ ዓይን መሆኑን አይርሱ፤ ሁለት ብለው ከቆጠሩ የተርታው ሒሳብ ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ ብብቴን እንዳይዘኝ ብዬ የእጅጌ መግቢያውን አውርጄ ሠራሁት። አሁን እጄን ባነሳሁ ቁጥር ሹራቡ በሙሉ ተከትሎ ይወጣል። ከዚህ በላይ ላውርደው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም። ነገሩ ከሚመስለው ተቃራኒ ነው፤ የእጅጌ መግቢያ ከፍ ባለ ቁጥር ክንድ ነፃ ይሆናል። እጅጌውና አካሉ የሚገናኙት ብብት ሥር ነው። ያ መገናኛ ከብብትዎ 6 ሴ.ሜ. ዝቅ ካለ፣ ክንድ ሲነሳ የሚጎትተው እጅጌውን ብቻ ሳይሆን የጎኑን ጨርቅ በሙሉ ነው። መገናኛው ከብብት ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ. ብቻ ዝቅ ይበል። በምሳሌያችን ልክ ጥልቀቱ 19 ሴ.ሜ. ነው፤ 57 ተርታ ያህል። ለአብዛኞቹ ሴቶች በቀጭን ክር ከ17 እስከ 21 ሴ.ሜ. ባለው ውስጥ ይወድቃል። ብብትን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ጥልቀት አይደለም፤ ብብት ሥር የሚዘጋው ዓይን ማነስ ነው።

ስሌቱን እንየው። የጀርባው ስፋት ከክንድ መጋጠሚያ እስከ ክንድ መጋጠሚያ 36 ሴ.ሜ. ከሆነ 80 ዓይን መቅረት አለበት። ከ106 ላይ 26 ይቀነሳል፤ በያንዳንዱ ጎን 13። መጀመሪያ በየጎኑ 6 ዓይን ይዝጉ፤ ብብት ሥር የሚያርፈው ጠፍጣፋ ቦታ ይህ ነው። የቀረውን 7 በፊት በኩል ባለው ተርታ ሁሉ በየጎኑ አንድ አንድ እየቀነሱ ይጨርሱ። ከዳር ሁለት ዓይን ትተው ሦስተኛውንና አራተኛውን በአንድ ቢሠሩ ስፌቱ ንጹሕ ዳር ያገኛል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በ80ው ዓይን ላይ ትከሻው 22፣ አንገቱ 36፣ ሌላው ትከሻ 22 ነው። ትከሻው ተዳፋት እንዲኖረው 22ቱን በ7፣ በ7 እና በ8 ከፍለው በጎዶሎ ተርታ ይሥሩ፤ 2 ሴ.ሜ. ያህል ያጋድላል። ቀጥ ብሎ የተዘጋ ትከሻ አንገት ሥር ይታጠፋል፣ ክንድ ላይ ይቆማል።

ወደ እጅጌው ስንመጣ፣ የክንድዎ ዙሪያ በወፍራሙ ቦታ 30 ሴ.ሜ. ከሆነ 4 ሴ.ሜ. ትርፍ ይስጡት፤ 76 ዓይን። የአናቱ ቁመት ከብብቱ ጥልቀት ሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ይሁን። አናቱ አጭርና ሰፊ ከሆነ ክንድ ይነሳል፣ ግን ሲወርድ ብብት ሥር ይሰበሰባል፤ ረጅምና ጠባብ ከሆነ ቁሞ ያምራል፣ እጅ ሲነሳ ግን ይወጥራል። በምሳሌያችን እንዲህ ይሄዳል፦ እንደ አካሉ በየጎኑ 6 ይዝጉ፣ 64 ይቀራል። ከዚያ በየሁለት ተርታው በየጎኑ አንድ አንድ 17 ጊዜ ይቀንሱ፣ 30 ይቀራል። በሚቀጥሉት አራት ተርታዎች መጀመሪያ ላይ ሦስት ሦስት ይዝጉ፣ 18 ይቀራል፤ እሱን በአንድ ጊዜ ይዝጉት። አናቱ 40 ተርታ፣ 13 ሴ.ሜ. ከፍታ ይሆናል።

ከመስፋትዎ በፊት ሁለቱን ጠርዞች ይለኩ። ከብብት እስከ ትከሻ የአካሉ ጠርዝ ወደ 22.7፣ የእጅጌው ግማሽ ጠርዝ ወደ 23.5 ሴ.ሜ. ይመጣል። እጅጌው በጠቅላላ ዙሪያው እስከ 2 ሴ.ሜ. ቢበልጥ ጨርቁ ይውጠዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ትከሻው ላይ ይኮማተራል፤ እጅጌው ካነሰ ደግሞ አካሉ ይሸበሸባል። ሲሰፉ መጀመሪያ የአናቱን መሐል ከትከሻ ስፌት ጋር፣ ቀጥሎ ብብት ከብብት፣ ከዚያ መሐሉን በስፒል ይያዙ። ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ እየሰፉ መሄድ ትርፉን በሙሉ መጨረሻ ላይ ያከማቸዋል።

ጥያቄ፦ እጅጌው ክንዴ ላይ አያርፍም፤ እንደ ደወል ይከፈታል።

መልስ፦ ረጅም እጅጌ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ አጭሩ የሚወርድበት ክብደት የለውም፣ ዳሩ ካልያዘው ይከፈታል። ዳሩን በግማሽ ወይም በአንድ ሚሊ ሜትር ቀጠን ባለ መርፌ፣ ከእጅጌው በአሥር ከመቶ ባነሰ ዓይን ይሥሩት። 76 ለሆነው እጅጌ 68 ይበቃል፤ ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ. ላስቲክ ሠርተው ቀጥሎ ባለው ተርታ ላይ 8 ዓይን አበታትነው ይጨምሩ። አናቱ ከመጀመሩ በፊት ያለው የብብት ሥር ቁመት ከ5 ሴ.ሜ. በታች ከሆነ ግን ምንም ቢያደርጉት ወደ ውጭ መቆሙ አይቀርም። እጅጌው ከላይ ወደ ታች የተሠራ ከሆነ ደግሞ አዘጋግዎን ይመርምሩ፤ በጣም ላልቶ የተዘጋ ዳርም ይከፍተዋል።

ጥያቄ፦ ስፌት ስለማልወድ ከአንገት ጀምሬ ወደ ታች ነው የምሠራው። ብብት ሥር ሁልጊዜ ጨርቅ ይከማችብኛል፤ እጅጌውን ስለይ ደግሞ ቀዳዳ ይቀራል።

መልስ፦ ከአንገት በሚወርድ ሥራ አራት ሰያፍ መስመር ላይ በየሁለት ተርታው ስምንት ዓይን ይጨመራል። አካልና እጅጌ እኩል ፍጥነት ስለሚያድጉ፣ ደረቱ እስኪሞላ ሲጠበቅ እጅጌው ከሚፈለገው በላይ ሰፍቶ፣ ጥልቀቱም ወርዶ ይገኛል። የሚከማችብዎት ያ ነው። ሁለቱን ይለያዩአቸው፦ የእጅጌው ዓይን ለክንድዎ ሲቃረብ እጅጌው ላይ በየአራት ተርታው ብቻ ይጨምሩ፣ አካሉን በየሁለቱ ይቀጥሉ። ጥልቀቱ ሲደርስ ደረቱ ገና ካልሞላ የጎደለውን ብብት ሥር በሚጀመሩ አዲስ ዓይኖች ይሙሉ። በየብብቱ ከ4 እስከ 7 ሴ.ሜ.፣ ማለትም ከ8 እስከ 16 ዓይን የተለመደ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰስታል፤ ሦስት አራት ዓይን ብቻ ያለው ብብት ሁልጊዜ ይጎትታል።

ቀዳዳው የሚመጣው አዲሶቹ ዓይኖች ከቆዩት ጋር በሚገናኙበት ጥግ ነው። እጅጌውን ሲጀምሩ በሁለቱም ጥግ አንድ አንድ ትርፍ ዓይን ያንሡ፤ በቀጣዩ ዙር ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ይሥሩት። በተረፈ፣ ከአንገት ሲጀምሩ ኋላውን በጎዶሎ ተርታ ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ. ከፍ ካላደረጉት ሹራቡ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ፊቱ ጉሮሮ ይይዛል።

ጥያቄ፦ በጥጥ ክር የሠራሁት ሹራብ ለብሼው ስውል በምሽት ቁመቱ ይጨምራል። ክሩ መጥፎ ነው?

መልስ፦ ክሩ ደህና ነው፤ ጥጥ ጠባዩ ነው። የበግ ሱፍ ሲለጠጥ ይመለሳል። ጥጥና ተልባ ግን ከባድ ናቸው፣ መመለስም አይሆንላቸውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው አስበውበት ይሥሩ። ናሙናውን ካጠቡ በኋላ ከታች ጥቂት የልብስ መቆንጠጫ አንጠልጥለውበት አንድ ቀን ይስቀሉት፤ በስንት እንደረዘመ አይተው ቁመቱን በዚያው ልክ ያሳጥሩ። መርፌውን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያቅጥኑ። ለጥጥ ደግሞ የተሰፋ ሹራብ እንመርጣለን፤ የጎንና የትከሻ ስፌት እንደ አጥንት ይይዘዋል። የትከሻውን ዓይኖች ሳይዘጉ ፊትና ኋላውን ገጥመው በሦስተኛ መርፌ አንድ ላይ ቢዘጓቸው ጠንካራ መስመር ይወጣል። የተጠናቀቀውን ለማዳን ከውስጥ በኩል ከትከሻ እስከ ትከሻ፣ በኋላ አንገት ላይ አድርገው አንድ መስመር ኪሮሽ ይሥሩበት። ታጥቦ መሰቀል የለበትም፤ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ።

የክር መጠን ለጠየቁን፦ ናሙናዎን ይመዝኑት። 15 በ15 የሆነው (225 ካሬ ሴ.ሜ.) 9 ግራም ከመዘነ በካሬ ሴ.ሜ. 0.04 ግራም ነው። አካሉ 96 በ56፣ ሁለቱ እጅጌዎች እያንዳንዳቸው 35 በ20 ቢባሉ በድምሩ 6,776 ካሬ ሴ.ሜ.፣ ማለትም 271 ግራም። ለአንገት፣ ለስፌትና ለስሕተት 15 ከመቶ ሲታከል 312 ይመጣል። ባለ 50 ግራም ልቃቂት ከሆነ ሰባት ይግዙ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን ሳያዩ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ የታችኛው ዳር ወደ ላይ ይጠቀለላል። ካውያ ልጠቀም?

መልስ፦ ልሙጥ ሥራ ይጠቀለላል፤ ታችና ላዩ ወደ ፊት፣ ጎኖቹ ወደ ኋላ። በካውያ ለሁለት ቀን ተኝቶ ሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ክሩ አክሪሊክ ከሆነ ደግሞ ካውያው ያቀልጠውና ተልፈስፍሶ ይቀራል፤ ያ አይመለስም። ከ4 እስከ 5 ሴ.ሜ. ላስቲክ፣ ወይም በሁለቱም በኩል ቀጥታ ብቻ የሚሠራ ዳር ያስፈልገዋል። ሁለት ሴ.ሜ. ዳር አይበቃም፤ እሱም አብሮ ይጠቀለላል።

ጥያቄ፦ የአንገቱ ላስቲክ አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ጭንቅላቴን አያስገባም። ስንት ዓይን ላንሣ?

መልስ፦ በግምት አይነሣም። በተዘጋ ጠርዝ ላይ ለአንድ ዓይን አንድ፣ ቀጥ ብሎ በሚወጣው ጎን ላይ ከአራት ተርታ ሦስት ያንሡ፤ 22 ለ30 ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚጠጋ ነው። ከእያንዳንዱ ተርታ ካነሡ አንገቱ እንደ ቅጠል ይገለበጣል። የፊቱን አንገት ስንሠራ ከትከሻው 8 ሴ.ሜ. ቀደም ብለን መሐሉ ላይ 16 ዓይን እንዘጋለን፤ ከዚያ በየጎኑ 3፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1፤ የቀረው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ላስቲኩ 2 ሴ.ሜ. ገደማ ሲሆን ይዝጉት፣ ግን በወፈረ መርፌ። የጎልማሳ ጭንቅላት ዙሪያው ብዙውን ጊዜ ከ54 እስከ 60 ሴ.ሜ. ስለሆነ የተዘጋው ጠርዝ ሲወጠር እስከዚያ መድረሱን ክሩን ከመቁረጥዎ በፊት ይሞክሩ። ጭንቅላት የማያስገባው ብዙ ጊዜ የዓይን ማነስ ሳይሆን የአዘጋግ መጥበቅ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ቁመቱ ብቻ 5 ሴ.ሜ. በዛ። ከታች ጀምሬ ነው የሠራሁት። እስከ ብብት ልፍታው?

መልስ፦ አያስፈልግም። ከታች የተጀመረ ሥራ ከመነሻው በኩል አይተረተርም፤ ስለዚህ መሐሉ ላይ ይቆረጣል። መጀመሪያ ጎኑ የተሰፋ ከሆነ ስፌቱን እስከሚቆረጥበት ድረስ ይፍቱ። ከላስቲኩ በላይ፣ የሚወጣውን 5 ሴ.ሜ. ቆጥረው (15 ተርታ)፣ ከመቁረጫው በላይ ባለው አንድ ተርታ ላይ ቀጭን መርፌ በእያንዳንዱ ዓይን ቀኝ እግር ውስጥ እያስገቡ ዓይኖቹን በሙሉ ይያዙ። ከዚያ ቀጥሎ በታች ካለው ተርታ መሐል አንድ ክር በመቀስ ይቁረጡና ወደ ግራና ወደ ቀኝ በመርፌ ጫፍ እየመዘዙ ያውጡት፤ የታችኛው ክፍል ለብቻው ይወጣል። መርፌው ላይ በቀሩት ዓይኖች ላስቲኩን ወደ ታች ይሥሩና ላላ አድርገው ይዝጉ። ወደ ታች የሚሠራው ዓይን ከላይኛው ጋር በግማሽ ዓይን ይዛነፋል። በልሙጥ ሥራ ላይ ይህ አይታይም፤ በላስቲክ ወይም በጥለት መሐል ከቆረጡት ግን መስመሩ ተሰብሮ ይታያል። ስለዚህ የሚቆርጡት ምንጊዜም ልሙጡ ላይ ይሁን።